በሞቴ፣ ብዪልኝ

ልብስ ሰፊዋ፣ የምታሳድጋት ልጅ መወፈሯን ያወቀችው ከሁሉም ቀድማ ነው፤ ያመነችው ግን ከሁሉም ዘግይታ። ምን ታድርግ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት። አላፊ አግዳሚውን ሳይቀር ወገቡን በዓይኗ ትለካለች። ደንበኛ መጥታ "ወፈርኩ መሰለኝ" ስትላት፣ "ኧረ ወዲያ! ጨርቁ ነው እንጂ ሲታጠብ የተሰበሰበው" ብላ ትሸኛታለች። በዚህች ትንሽ ውሸት ስንቷን ደስ አሰኝታ ልካለች መሰላችሁ።

ለልጅቷም ያችኑ ውሸት ነበር የምታቀርብላት። ዩኒፎርሙ በጠበበ ቁጥር የጎኑን ስፌት ትፈታና ከውስጥ ካስተረፈችው ጨርቅ ግማሽ ጣት ትለቅለታለች፤ የድሮው የስፌት መስመር እንዳይታወቅ በካውያ ትደፈጥጠዋለች። "እቴቴ፣ ልብሴ ሰፋኝ አይደል?" ትላለች ልጅቷ ደስ ብሏት። "አንቺ ቀጥነሽ ነዋ!" ትላታለች። ልጅ የምታታልል ክፉ ሴት ሆና አይደለም። የልጅቷን ፊት ሲጨልም ማየት ስለማትችል ነው።

ልጅቷ ዐሥር ዓመቷ ነው። ሰፈሩ የሚያውቃት "ሚጢጢ" በሚል ነው። በሰባት ወሯ ተወልዳ፣ ከመዳፍ የማትተርፍ ሆና ስትመጣ እናቷ ያወጣችላት የቁልምጫ ስም ነው። አሁን ትምህርት ቤት አንዱ "ሚጢጢ!" ብሎ በተጣራ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ያውካካል። እሷም አብራ ትስቃለች። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ይህን ሳቅ ከአጥሩ ውጪ ሆና ሰምታ፣ የሄደችበትን ጉዳይ ረስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የሚጢጢ እናት የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ነበረች። ልብስ ሰፊዋ በዐሥራ አንድ ዓመት ትበልጣታለች። አዝላ ያሳደገቻት እሷ፣ ፊደል ያስቆጠረቻት እሷ፣ የመጀመሪያ ቀሚሷን የሰፋችላት እሷ። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር በሽታ ኩላሊቷን ጨርሶ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ስትሞት የመጨረሻ ልብሷን የሰፋችላትም እሷው ናት። ያን ቀን ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። የሚጢጢ አባት መንገዱን ጨርቅ ያድርግለትና ገና ሳትወለድ ነው የሄደው። ስለዚህ ልጅቷ በዚያው ሳምንት አንድ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች። ልብስ ሰፊዋና ባሏ ልጅ አልወለዱም። ልጅቷን ሲያገኙ እንዴት አድርገው እንደሚወዷት ግራ ገባቸው፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ የሚያውቀው ነገር ማብላት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እንደልማዷ ዩኒፎርሙን ገልብጣ ስፌቱን ልትፈታ ስትል የሚለቀቅ ጨርቅ አጣች። ትርፉ አልቋል። ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየችው፤ ዳሰሰችው፤ ምንም የለም። ዩኒፎርሙን አጥፋ የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው። ሰኞ ልጅቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሲስተሯ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ቀጭን፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት ናት። ሚጢጢን ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ ከጣቷ ደም ወሰደች፤ ከዚያ ውጪ እንድትጠብቅ ልካት በሩን ዘጋች።

"ስኳሯ ድንበሩ ላይ ቆሟል" አለች። "ገና አላለፈም። በስድስት ወር ውስጥ ካልወረደ ግን በዚህ ዕድሜዋ መድኃኒት እንጀምርላታለን። እሱም አልሆን ካለ መርፌ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እህቷ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣት ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ስትወጋ ታያት። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ አፏን እዘጋዋለሁ" አለች።

"እሱንማ እንዳያደርጉት! ልጅ በክልከላ አይቀጥንም። ይደብቃል፣ ይሰርቃል፣ በራሱ ያፍራል። ልጅቷን ይተዉአት። ቤቱን ይቀይሩት።"

"ቤት ልቀይር?" አለች ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ። "ኧረ ሲስተር፣ የኪራይ ቤት እንዲህ እንደ ልብ ይገኛል ብለው ነው?"

ሲስተሯ ሳቋ አመለጣት። "ቤቱ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። የሚበላ ነገር ዓይኗ ላይ አይዋል። ሰሃኑ ይነስ። ድስቱ ማድቤት ይቅር፤ መድገም የፈለገ ተነስቶ ይሂድ። ሁላችሁም እንደሷ ብሉ፤ እሷን ብቻ ለይታችሁ አትቅጧት። ደግሞ 'ጨርሺ፣ ድገሚ' እያሉ አይጎትጉቷት። ስትጠግብ ጠገብኩ ትበል።"

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ሰማች፤ ልቧ ውስጥ የገባው ግን ሰሃኑ ነው፤ ድስቱ ነው፤ በእጅ የሚነካው ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተተራመሰ። ለደንበኞች ልጆች ማባበያ መኪናው አጠገብ የምትቀመጠው የብስኩት ቆርቆሮ የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያ ሆነች። ጠረጴዛው መሐል የሚውለው ዳቦ ከቦታው ተነሣ። የቡፌው በር መስታወት ስለሆነ፣ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ሰፍታ ከውስጥ ወጠረችበት። ትልልቆቹ ሰሃኖች በካርቶን ታስረው ከአልጋ ሥር ገቡ። ለስላሳ መጠጥ ቀረ፤ ጠረጴዛው ላይ ውሃና ሙዝ ብቻ ቀሩ። ቴሌቪዥኑም ሰው ሲበላ ይጠፋል ተባለ።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" የሚለው ቀልደኛ ሰው። ማታ መጥቶ ራት ሲቀርብለት ዓይኑን አላመነም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሰሃን ነው ወይስ የሲኒ ማስቀመጫ?"

"ብላና ዝም በል።"

"በልቼማ ጨረስኩ። ገና ሳልቀመጥ ነው ያለቀው።"

ሚጢጢ በሳቅ ፈረሰች። ጋሼም ሳቋን ካየ በኋላ አላቆመም። "ድስቱን ልጠይቀው ልሂድ፤ ናፈቀኝ" እያለ ወደ ማድቤት ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ተመልሶ "ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል" ይላል። ከራት በኋላ ደግሞ እጇን ይዞ ሁለት ፌርማታ ያህል በእግር ይወስዳታል። "ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ውዬ፣ ለራሴ የሚያመላልሰኝ ሹፌር ልጣ?" እያለ ያማርራል። ግን አንድም ቀን አላስቀረም። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ቆማ ስታያቸው፣ እግዜር ይስጣት ያቺ ሲስተር፣ ትላለች በሆዷ።

በስድስተኛው ሳምንት ሚጢጢ ሚዛን ላይ ወጣች። አንድ ኪሎ ተኩል ጨምራለች።

"ከቤት ውጪ ምን ትበላለች?" አለች ሲስተሯ።

"ምንም!" አለች ልብስ ሰፊዋ። ቤት እስኪደርሱ ግን ነገሩ ሲከነክናት መጣ። የልጅቷን ቦርሳ በርብራ አየች፤ ከደብተር በቀር ምንም የለም። በማግሥቱ ሥራዋን ትታ፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ከማዶ ካለው ግንብ ጀርባ ቆመች። በዚህ ዕድሜዬ ሰላይ ሆኜ አረፍኩት፣ አለች ለራሷ።

ሚጢጢ ቦርሳዋን አዝላ ብቻዋን መጣች። ገና ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለችው የልብስ አጣቢዋ በር ላይ ስትደርስ፣ ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ዘረጋችላት።

"ጠግቤያለሁ እትዬ።"

"ምን በልተሽ! እናት የሌላት ልጅ ምን ጠግባ! በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

ልጅቷ ዳቦውን ተቀበለች። እዚያው ቆማ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳታላምጥ ማለት ይቻላል፣ ዋጠችው። ከጎኗ ያለችው ባለሱቅ ደጃፍ ስትደርስም ያው ነው፦ "ኧረ ሚጢጢ፣ በሞቴ፣ ብስኩት አዲስ ገብቷል ቅመሺልኝ!" ልጅቷ አንገቷን ስታወዛውዝ ሴትዮዋ "በሞቴ እያልኩሽ!" አለቻት፤ እጇ ወዲያው ተዘረጋ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ነበር የምትበላው።

እስቲ ፍረዱ፤ "በሞቴ" የማይል ማን አለ? ቀን ሃምሳ ጊዜ እንላታለን። ሻይ ስንጋብዝ፣ ወንበር ስንለቅ፣ እንግዳ "ልሂድ" ሲለን። አንድም ቀን ሞት ትዝ ብሎን አያውቅም። ልብስ ሰፊዋም ትዝ አላላትም። እንባውን በዓይኗ እያየች ያየችው ሆዳምነት ነው። ደሟ ፈላ። ከግንቡ ጀርባ ወጥታ፣ ባለሱቋ አፏን ከፍታ ስትቀር፣ ልጅቷን በክንዷ ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻት።

"እኔ ላንቺ ብዬ ቤቴን ገለበጥኩ!" አለች በሩን ዘግታ። "ጋሼሽ ያንን የሚያህል ሰውዬ በሲኒ ማስቀመጫ ይበላልሻል! አንቺ ከደጅ ደጅ ትለቅሚያለሽ? እናትሽን የገደላት ምን ሆነና? በሞቴ! ሁለተኛ ስትበዪ እንዳላይሽ!"

የልጅቷ ፊት ደም አልቀረውም። "ምን አልሽ እቴቴ?"

"የሰማሽውን! በሞቴ አልኩሽ፣ አለቀ!"

ቁጣዋ ግን ራት ድረስም አልቆየም። ድንች ቀቀለች፣ ዕንቁላል ጨመረችበት፣ "ነይ የኔ እናት፣ ተናድጄ ነው" ብላ ጠራቻት። ሚጢጢ ተቀመጠች። ማንኪያዋን ሰሃኑ ላይ ወዲህ ወዲያ አደረገች። "እቴቴ፣ ጨው ታመጪልኛለሽ?" አለች። ልብስ ሰፊዋ ጨው ይዛ ስትመለስ ሰሃኑ ባዶ ነው። ሲርባት እንዴት ትፈጥናለች የኔ ልጅ፣ አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ የልጅቷ ነገር ተስተካከለ፤ ተስተካከለ መሰለ። ድገሚኝ አትልም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በነአጣቢዋ በኩል ማለፍ ትታ በላይኛው መንገድ ዞራ ትመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ቀንሶ ተገኘ።

"በሁለት ሳምንት?" አለች ሲስተሯ ፊቷን ቋጠር አድርጋ። "ፈጠነ። ሰኞ መልሰው ያምጡልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ "ሦስት ኪሎ" ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማችም። ቤት ስትደርስ ዩኒፎርሙን ገልብጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ ወሰደችው። እየሰፋች ዘፈነች። ባሏ ገብቶ "ምን ተገኘ? ድስቱ ተመለሰ እንዴ?" ሲላት እየሳቀች አባረረችው። ከእህቷ ሞት ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ዓርብ ረፋድ ላይ የአንድ ደንበኛ ኮት ክርን መጣፍ ነበረባትና፣ ከመኪናዋ ሥር ካለው የቁርጥራጭ ጆንያ ጨርቅ ልትፈልግ እጇን ሰደደች። ጣቷን እርጥብ ነገር ነካት። የሚከረፋ ሽታ ወጣ። ጎትታ ስታወጣው የፌስታል ቋጠሮ ነው፤ ውስጡ የተበላሸ ሩዝ። ሌላ ጎተተች፤ ድንችና ዕንቁላል። ሌላ፤ ሾርባ የራሰ ዳቦ። ከጨርቁ ሥር ዘጠኝ ቋጠሮ ወጣ፤ ሁሉም በራሷ ክር፣ እሷ ባስተማረቻት አስተሳሰር፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዎቹን እያየች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ ሰልፍ ላይ ወድቃለች።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሚጢጢ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሲስተሯ ስኳር የተበጠበጠበት ወተት ይዛ አጠገቧ ተቀምጣ ትለምናታለች። ልጅቷ አክስቷን ስታይ ጥርሷን ገጥማ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን ሆንሽብኝ ልጄ?" አለች ሲስተሯ ደክሟት። "አንዴ ፉት በዪ፣ በሞቴ።"

ልጅቷ ሲስተሯን አየች፤ አክስቷን አየች። ከዚያ ጮኸች። "እቴቴ ውጪ! ውጪ በናትሽ! እንዳታዪኝ! ዞር በዪ!"

"ለምን የኔ እናት? ምን አደረግኩሽ?"

"ካልጠጣሁ ሲስተር ትሞታለች! ስጠጣ ካየሽኝ ደግሞ አንቺ ትሞቻለሽ!"

ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ ያለችውን ያስታወሰችው ያኔ ነው፦ በሞቴ፣ ሁለተኛ ስትበዪ እንዳላይሽ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አላይሽም። ይኸው ዞሬያለሁ። ጠጪ" አለች። ከጀርባዋ ልጅቷ ወተቱን ስትጨልጥ፣ ትንፋሽ አጥሯት ስታቆም፣ እንደገና ስትጨልጥ ሰማች።

"ማነው እንደዚህ ያለሽ?" አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ። "'በሞቴ' ያለ ሰው ይሞታል ያለሽ ማነው?"

"ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ የማውቀው።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "እማዬ ሆስፒታል ሾርባዋን ሰጠችኝ። 'በሞቴ፣ ብዪልኝ' አለችኝ። መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ እምቢ አልኳት። ደግማ 'በሞቴ' አለችኝ። እምቢ አልኳት። ጠዋት ሞተች።"

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ያን ቀን እዚያው ነበረች። ሰሃኑን የያዘችው እሷ ነበረች። "ተያት እስቲ፣ አትወድም" ብላ ሾርባውን ደፍታዋለች። እህቷ ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችም። ልጅቷ ግን ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቃሉን እንደተነገረ ነው የሰማችው።

"ከዚያ ወዲህ 'በሞቴ' ካሉኝ እበላለሁ" አለች ሚጢጢ። "ሰው እንዲሞት አልፈልግም። ቤት ስበላ ደግሞ እቴቴ ድንገት እንዳታየኝ ፈራሁ።"

ሦስት ዓመት። ልብስ ሰፊዋ ሦስቱን ዓመት ወደ ኋላ አየቻቸው። ጋሼ "በሞቴ አጋምሺኝ" ሲል። ደንበኞች። ጎረቤት። ከሁሉም በላይ ራሷ፣ በየራቱ፣ በየቁርሱ፣ "በሞቴ ድገሚ፣ በሞቴ ጨርሺ፣ በሞቴ ይቺን ብቻ" ስትል። ልጅቷ እኛን በሕይወት ለማቆየት ስትበላ ኖራለች፣ አለች በልቧ። እኔ ደግሞ መጋረጃ እሰፋለሁ!

ሲስተሯ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እናቷን የገደላት በሽታ እንደሆነ፣ ኩላሊት ምን እንደሚሠራ፣ ቃል ሰው እንደማይገድል አስረዳቻት። ሚጢጢ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ልጅ ትልቅ ሰው ዝም እንዲልለት እንደሚነቀንቀው ነው የነቀነቀችው።

ቤቱ እንደገና ተቀየረ። በዚህኛው ጊዜ የወጣው ቃሉ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ለደጅ ዞራ ነገሩን ነገረቻቸው። አጣቢዋ ሰምታ የልብስ መዘፍዘፊያዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ "በዳቦ ገደልኳት በሉኛ!" ብላ አለቀሰች። ጋሼ ምላሱን መግራት አቅቶት ተሰቃየ። "በሞ…" ይልና ይውጠዋል፤ "ሲጋራ ያቆምኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልቸገረኝም" ይላል። ግን ቃል እንደ ሰሃን በካርቶን ታስሮ አልጋ ሥር አይገባም። መንገድ ላይ አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ አለ፤ ትምህርት ቤት ልጆች ማስቲካ ሲካፈሉ አለ። አንድ ቀን ሚጢጢ ከክፍል ጓደኛዋ እጅ ሦስት ከረሜላ ተቀብላ በልታ መጣች። ስትናገረው ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት እንጂ ጥፋት አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። እሑድ ምሳ ላይ ቆረጠች።

ሩዝ በካሮት ሠርታ ነበር። ሚጢጢ በልታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ጠገብኩ" አለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ ማድቤት ሄዳ ድስቱን ይዛ መጣችና ጭልፋውን ሰሃኗ ላይ ገለበጠችው።

"በሞቴ፣ ይቺን ድገሚ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለ ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ።

"ተቀመጥ። ሚጢጢ፣ ጠግበሻል?"

"አዎ።" እጇ ግን ማንኪያው ላይ ደርሷል።

"እንግዲያው እምቢ በዪኝ።"

"እቴቴ፣ እባክሽ…"

"በሞቴ ብዪ እያልኩሽ ነው። እምቢ በዪኝ። እኔ ምንም አልሆንም።"

ልጅቷ ማንኪያውን አነሣች። አስቀመጠች። እንደገና አነሣች። ጋሼን አየችው፤ ጋሼ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ "በሞቴ" አለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

"እምቢ" አለች ሚጢጢ። የተሰማ አይመስልም። ሰሃኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአክስቷ እግር ሥር አልጠፋችም። ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ ትነሣለች። ስታስል ከመቀመጫዋ ትዘላለች። "አመመሽ?" ትላለች። "አላመመኝም።" "ትንሽም?" "ትንሽም።" ጋሼ "ነይ እስቲ ሁለቱን ፌርማታችንን እንሂድ" ቢላት እምቢ አለች። አክስቷ ጉልበት ላይ እጇን ጭና ቁጭ አለች፤ ሲመሽም በግድ ነው የተኛችው።

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ከአፍንጫዋ ሥር የሆነ ነገር ኮርኩሯት ነቃች። ሚጢጢ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ጸጉሯ አልተበጠረም። አንድ ጣቷን አክስቷ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሿን ትጠብቃለች።

"አለሁ" አለቻት ልብስ ሰፊዋ። እጇን ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው። "እዪው፣ ይመታል። አለሁ የኔ እናት።"

"አልሞትሽም።"

"አልሞትኩም።"

"እምቢ ብዬሽ አልሞትሽም።"

"አልሞትኩም አልኩሽ እኮ።" ልብስ ሰፊዋ ልጅቷ ትስቃለች ብላ ጠበቀች። ሚጢጢ ግን አልሳቀችም። እጇን ከአክስቷ ደረት ላይ አላነሣችም።

"እንግዲያው ሾርባውን ብበላላትም እማዬ ትሞት ነበር?"

"አዎ የኔ ሆድ። ትሞት ነበር።"

"ስለዚህ" አለች ልጅቷ፣ "ስበላ ልታየኝ ብቻ ነበር የፈለገችው?"

ልብስ ሰፊዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሚጢጢ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ላይ አስተኛቻት፤ ዝም በዪ አላለቻትም።